ለማን ምን ይነገራል?

ነጋዴ ዕቃውን ከማስታወቁ በፊት ሕዝቡን በዕድሜ፣ በሥራ፣ በመኖሪያና በፍላጎት ይከፍለዋል። ይህ ዘዴ በራሱ ነውር አይደለም፤ የሁሉ ጉዳይ አንድ አይደለምና። በአዳማ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ እርሻ ምርምር ማእከል ካወጣቸው የቦሎቄ ዘሮች ነጩ «አዋሽ 1» ለውጭ ገበያ፣ ቀዩ «ናስር» በብዛት ለቤት ምግብ ይፈለጋል። ስለዚህ ለሚሸጠውና ለሚመገበው ገበሬ አንድ ዓይነት ምክር አይበቃም። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመርም ደዋዩን በአካባቢውና በሚዘራው እህል መዝግቦ፣ የሚስማማውን መልእክት እንዲልክለት የተዘጋጀ ነው።

ነገር ግን ይኸው መሣሪያ በፖለቲከኞች እጅ ሲገባ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ማግኘቱ በ2010 ዓ.ም. ተገለጠ። ለአንዱ ፍርሃት፣ ለሌላው ተስፋ ለብቻ ለብቻ ሲነገር፣ ጎረቤታሞች የሰሙትን አስተያይተው ሊመረምሩ አይችሉም።

እንግዲህ ማስታወቂያ የሚያወጣ የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ የሚያነብ ዜጋ ይህን ይመዝን፤ ለአንዱ የተነገረው ቃል በሌላው ፊት ቢነበብ ተናጋሪውን የማያሳፍር እንደ ሆነ ምክር ነው፤ የሚያሳፍር እንደ ሆነ ግን ማታለል ነው።