10 ደቂቃ ለአምስት ሕመም፦ በለንደን ‘አስቸጋሪ’ የሚባለው ታካሚ ማን ነው?

በደቡብ ለንደን፣ ክላፋም በሚገኙ የጠቅላላ ሐኪሞች ክሊኒኮች፣ እንደ ተቀረው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ለአንድ ታካሚ የሚመደበው የተለመደ ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ጉሮሮውን ለታመመ ወጣት ይህ ይበቃ ይሆናል። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የጉልበት ሕመምና እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ላለባቸው፣ በዚያ ላይ እንግሊዝኛ ለማይናገሩ እናት ግን እጅግ አጭር ነው።

‘ጂፒ’ በመባል የሚታወቁት እነዚህ ሐኪሞች የብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ፣ የኤንኤችኤስ፣ የመግቢያ በር ናቸው። ታካሚ ወደ ስፔሻሊስት የሚላከው በአብዛኛው በእነርሱ በኩል ነው። በመሆኑም በዚያች 10 ደቂቃ ሳይነገር የቀረ ሕመም ሆስፒታልም ላይደርስ ይችላል።

ወሽመጥ የሚቆርጥ ቀጠሮ

ዶክተር ቶም ኦዱድ እአአ በ1988 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ደጋግመው ስለሚመጡና ሕክምና ስለማያሽላቸው፣ ገና ሲታዩ የሐኪሙን ወሽመጥ ቁርጥ ስለሚያደርጉ ታካሚዎች ጽፈዋል። ስያሜው በሙያው ውስጥ ቢለመድም ነቀፌታ አልተለየውም። ስሜቱ የሐኪሙ ሆኖ ሳለ ስሙ የተሰጠው ለታካሚው ነውና።

በሃንጋሪ ተወልደው በለንደን የሠሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም ማይክል ባሊንት ይህን ቀደም ብለው አስተውለው ነበር። እአአ በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐኪሙ ራሱ እንደ መድኃኒት እንደሚሠራ፣ መጠኑና የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በቅጡ እንዳልተጠና አስረድተዋል። ሐኪሞች ተሰብስበው ስለከበዷቸው ታካሚዎች የሚወያዩባቸው ‘የባሊንት ቡድኖች’ ዛሬም አሉ።

ድህነትና ተደራራቢ ሕመም

ምክክሩን የሚያከብደው የታካሚው ጠባይ ብቻ አይደለም። እአአ በ2012 ላንሴት ላይ የወጣ፣ በስኮትላንድ 1.75 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በድሃ አካባቢዎች ተደራራቢ ሕመም ከባለጸጋዎቹ ሰፈሮች ከ10 እስከ 15 ዓመት ቀድሞ እንደሚጀምር አሳይቷል። ክላፋም ውስጥ ውድ መኖሪያ ቤቶችና የማኅበራዊ ቤቶች መንደሮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። የሁለቱም ነዋሪዎች የሚያገኙት የቀጠሮ ርዝመት ግን ተመሳሳይ ነው።

‘ሆዴ ባሰኝ’ ሲተረጎም

ቋንቋ ሌላው እንቅፋት ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት “ሆዴ ባሰኝ” ብትልና ቃሉ እንዳለ ቢተረጎም፣ ሐኪሙ ስለ ኀዘኗ ሳይሆን ስለ ጨጓራዋ ሊጠይቃት ይችላል። “ብርድ መታኝ” የሚለውም እንዲሁ ትርጉሙን ያጣል።

ልጆች ለወላጆቻቸው ማስተርጎማቸው የተለመደ ቢሆንም የኤንኤችኤስ መመሪያ አይደግፈውም። እናት ስለ ማኅፀን ሕመሟ ወይም በስደት መንገድ ስለደረሰባት በደል በልጇ ፊት ላትናገር ትችላለች። ታካሚው የሠለጠነ አስተርጓሚ ያለክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ ቀጠሮ ሲይዝ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ረዘም ያለ ጊዜም እንዲሰጠው ማመልከት ይችላል። በእንግሊዝ በጂፒ ክሊኒክ ለመመዝገብም የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም።

ምን ይረዳል?

እአአ በ2016 የወጣው የናይስ መመሪያ፣ ሐኪሞች እያንዳንዱን በሽታ ለየብቻ ከማከም ይልቅ ታካሚው በይበልጥ ምን እንደሚፈልግ እንዲጠይቁና የተጠራቀሙ መድኃኒቶችን እንዲከልሱ ይመክራል። ለአንዱ ሕመም የታዘዘ ኪኒን ሌላውን ሊያባብስ ይችላልና። ታካሚውም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከአገር ቤት የመጡትን ጨምሮ፣ ይዞ ቢሄድና ይበልጥ የሚያስጨንቀውን ጉዳይ በመጀመሪያው ደቂቃ ቢናገር ይጠቀማል። ብዙዎች ዋናውን ነገር የሚያነሡት ለመውጣት በሩን ሲይዙ ነው።

አንድን ሐኪም ማዘውተርም ለውጥ ያመጣል። በኖርዌይ የተደረገ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ በአንድ ጂፒ የታከሙ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው፣ ከሐኪማቸው ጋር አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸር፣ በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ታሪኩን የሚያውቅ ሐኪም ካለ 10 ደቂቃው ከዜሮ አይጀምርም።

የጂፒዎች ሮያል ኮሌጅ እአአ በ2019 ባወጣው ራእይ በ2030 መደበኛው ምክክር ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲሆን ጠይቋል። በሐኪም እጥረት መካከል ግን ለአንዱ የሚጨመረው አምስት ደቂቃ ከሌላው ወረፋ የሚቀነስ ነው።