የብጉር ጠባሳና የሕክምና አማራጮቹ

በጌታ የተወደዳችሁ የሐይቅና የአምባሰል ወጣቶች፤ በብጉር ጠባሳ አፍራችሁ ከመዘምራን መካከል የቀራችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ።

በመጀመሪያ ጥቁር ምልክትንና ጎድጓዳ ጠባሳን ለዩ። ጥቁሩ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ፀሐይ ግን ያዘገየዋልና ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ አይለያችሁ። ጎድጓዳው ጠባሳ በቅባት አይሞላም። የቆዳ ሐኪም በጥቃቅን መርፌዎች በመውጋት፣ በኬሚካል በመላጥ ወይም በሌዘር ሊቀንሰው ይችላል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ሌዘር በጠቆረ ቆዳ ላይ ሌላ ጥቁረት ሊያመጣ ስለሚችል ልምድ ያለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ብጉሩ ሳይቆም ጠባሳውን ማከም ትርፉ ድካም ነው። ብጉሩን አትጭመቁት። ስቴሮይድ ያለባቸውን የፊት ማቅያ ቅባቶችም ከሱቅ ገዝታችሁ አትቀቡ፤ ለጊዜው ቢያቀሉም ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉርንም ያብሳሉ። በደሴ አቅራቢያ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ስለሆነ ሩቅ ሳትሄዱ መመርመር ትችላላችሁ። እርጉዝ የሆናችሁ እኅቶች አንዳንዱ የብጉር መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

መታከም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ሉቃስም ሐኪም ነበረ (ቆላ. 4፥14)። ጌታ የሚያየው ልብን ነውና (1ሳሙ. 16፥7) ጠባሳው እስኪጠፋ ሳትጠብቁ ወደ ኅብረታችሁ ተመለሱ። ወላጆችና ሽማግሌዎችም በፊታቸው አትቀልዱባቸው።