ለአሮጌ ሞተር ቱርቦ ሲገጠም

በአሜሪካ የ1960ዎቹን ባለ ትልቅ ሞተር መኪናዎች፣ «ማስል ካር» የሚሏቸውን፣ ቤታቸው ፈተው ቱርቦ የሚገጥሙ ሰዎች አሉ። ቱርቦውን ማሰር ቀላሉ ሥራ ነው። ሞተሩን የሚያድነው ግን ፊዚክስ ማወቅ ነው። እንዴት?

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉ ሁለት ተሽከርካሪዎች አሉት። አንዱን ከሞተር የሚወጣው ጭስ ያዞረዋል፤ ሌላው አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። አየር ሲበዛ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፣ ጉልበት ይጨምራል።

ችግሩ፣ አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ ይግል የለ? ፒስተኑ ደግሞ እንደገና ያምቀዋል። ሙቀቱ ካለፈ ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ያኔ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ፒስተን እስከመስበር ይደርሳል።

ኦልድስሞቢል ጄትፋየር በ1962 እ.ኤ.አ. ከነቱርቦው ለገበያ ወጣ። እመቃው 10.25 ለ1 ስለነበር ፋብሪካው ለማብረጃ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ጨመረለት። ብዙ ባለቤቶች ግን ድብልቁን ሳይሞሉ ይነዱት ነበር። ሲያልቅ የመኪናው ጉልበት ስለሚቀንስ አማረሩ፤ ምርቱም በ1963 ቆመ።

ስለዚህ ዛሬ የሚገጥሙት መጀመሪያ እመቃውን በሌላ ፒስተን ይቀንሳሉ፣ አየሩን በማቀዝቀዣ ያሳልፋሉ፣ በቂ ቤንዚን መድረሱንም ያረጋግጣሉ።

ለክፍል ውይይት፦ በናፍታ ሞተር መጀመሪያ የሚታመቀው አየር ብቻ ነው፤ ናፍታው መጨረሻ ላይ ይረጫል። ታዲያ ቱርቦ ለናፍታ መኪና ለምን ይበልጥ ተስማማው? እስቲ ተወያዩበት።