ሙቅ ውኃ ጉልበቱ ሲደክም



እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው ደንብ ወዲህ በእስራኤል በሚሠሩ በአብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ዱድ ሼሜሽ አለ። በኪርያት ማታሎንም የብዙዎቻችንን ውኃ የሚያሞቀው እርሱ ነው። ሙቅ ውኃው ቀጥኖ ሲወርድ መጀመሪያ ችግሩ የት እንደሆነ ይለዩ።

ቀዝቃዛውም ከቀጠነ ጎረቤት ይጠይቁ፤ ችግሩ ከዋናው መስመር ሊሆን ይችላል። አንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትተው በኮምጣጤ ይዘፍዝፉ፤ አቫኒት ደፍኗት ይሆናል። በሁሉም ቧንቧ ሙቁ ብቻ ከቀጠነ ኢንስታላቶር ይጥሩ። ኤሌክትሪክና ግፊት ስላለበት ቦይለሩን ራስዎ አይክፈቱ። ሲሞቅ የሚያንጠባጥበውን የደኅንነት ቫልቭም አይድፈኑት፤ ግፊቱ መውጫ ያጣል።

ለጤና የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ቀዝቃዛው በድንገት ሲቀንስ ሙቁ ብቻውን ይወርዳል። 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል፤ የሕፃንና የአረጋዊ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ ልጅን በሚወርድ ሙቅ ውኃ ሥር አያጥቡ። በመታጠቢያው ዕቃ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥሎ ሙቁን ጨምረው በክርንዎ ይፈትኑ።

ቃጠሎ ከደረሰ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ያፍስሱበት። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡ። ጉዳቱ ከበድ ካለ ወደ 101 ይደውሉ።