የቦሎቄ ወጥ ያለ ሥጋ እንዴት ይጣፍጣል?



ይህ ዜና መጽሔት የሚዘጋጅበት ጊጊሪ፣ በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ የሚገኝበት ሰፈር ነው። ከየአገሩ የመጣ ሰው ስለሚኖርበት የአንዱ ቤት ድስት ከሌላው አይመሳሰልም። አሜሪካዊው ቦሎቄውን ከታጨሰ የአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቅላል፤ ኬንያዊው ከበቆሎ ጋር ቀቅሎ ጊዘሪ ይለዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን፣ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ፣ በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ አንበላም። ቢሆንም ያ ሥጋ ለቦሎቄው ምን እንደሚሰጠው ብንጠይቅ መልሱ ይጠቅመናል። የሚሰጠው አራት ነገር ነው፦ ጨው፣ ቅባት፣ የጭስ መዓዛና አፍ ላይ የሚቆይ ጣዕም። አራቱም ከራሳችን ማጀት ሊገኙ ይችላሉ።

ነገሩ የአፍ ጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካኩማ ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦሎቄ፣ የአተር ክክና የመሳሰሉት ጥራጥሬዎች፣ መጠናቸውና ዓይነታቸው እንደ ጊዜው ቢለያይም፣ የራሽኑ አካል ሆነው ቆይተዋል። ወጡ ካልጣፈጠ ልጆች ይተዉታል፤ ጥራጥሬውም በርካሽ ይሸጣል። ሥጋ በማይገባበት ቤት ግን ሰውነት የሚገነባው በዚሁ ጥራጥሬ ስለሆነ ጉዳቱ የቤተሰቡ ነው።

ከሁሉ በፊት በደንብ ይብሰል

ያልበሰለ ቦሎቄ ምንም ቅመም ቢገባበት አይጣፍጥም። ስለዚህ ማታ ለቅማችሁና አጥባችሁ በብዙ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ለአንድ ኩባያ ቦሎቄ ሦስት ኩባያ ውኃ ይበቃል። ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፉት፤ ጓሮ አትክልት ካላችሁ ለእርሱ ይሆናል። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይቆጥባል። ማገዶ ፍለጋ ርቆ መሄድ ምን ያህል ድካምና ሥጋት እንዳለበት እናቶችና እኅቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ቦሎቄው በተለይ ቀይ ከሆነ፣ በአዲስ ውኃ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ መፍላት አለበት። ጥሬው ቀይ ቦሎቄ የሚያስመልስና ሆድ የሚያሳምም ነገር አለው፤ ይህም የሚጠፋው በኃይለኛ ፍላት እንጂ በለብታ አይደለም። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪልም ጠብቁ።

ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ሳይልም እንዳይገቡ ተጠንቀቁ፤ ኮምጣጣ ነገር ቦሎቄውን ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋል። በኬንያ ገበያ ማጋዲ የሚባለው አፈር መሰል ጨው ቶሎ ያበስላል፤ ሲበዛ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፣ በምግቡ ያለውንም ቫይታሚን ያጠፋል።

አራቱ ነገሮች ከየት ይገኛሉ?

አፍ ላይ የሚቆየው ጣዕም የሚመጣው ከቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት በደረቅ ድስት አቁላሉት፤ ሊያር ሲል ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉ። ቡናማ ከሆነ በኋላ ዘይቱን ጨምሩ፤ ቅባቱም ይኸው ነው። ቀጥሎ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አግቡበትና የበርበሬው ጥሬ ሽታ እስኪለቅ አብስሉት። በዚህ ላይ መቸኮል ወጡን ያበላሻል። የለመውን ቦሎቄ ከነመረቁ ገልብጡበት፤ ከውስጡም አንድ ጭልፋ ያህል በማማሰያ ጨፍልቁት፤ ወጡ ይወፍራል። ሽሮ ያለው ሰው አንድ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ቢጨምርበት ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ለጭሱ መዓዛ፣ በፍስክ ቀን ቋንጣ የተገኘ እንደሆነ ጥቂት ቁራጭ ሰባብሮ አብሮ ማንተክተክ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም ቋንጣ በማይገኝበት ጊዜ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በፍም ላይ ልጣቸው እስኪጠቁር ጥበሱ። ልጣቸውን ላጥ ላጥ አድርጋችሁ ከትፋችሁ ቦሎቄው ከለመ በኋላ ጨምሩ። ፍሙ ሻይ ከተፈላበት የተረፈ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ማገዶ አያስፈልግም።

ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ጨምሩ፤ መረቁ እየተነነ በሄደ ቁጥር ጨውነቱ ይጎላልና። ድስቱን ከማውረዳችሁ በፊት ጥቂት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ነስንሳችሁ ክደኑት። እነዚህን ቅመሞች በናይሮቢ ከኢስሊ ሰፈር፣ በካኩማም ከኢትዮጵያውያን ሱቆች መግዛት ይቻላል። መከለሻው ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ማገዶ ለሚያጥረው

ቦሎቄው 10 ደቂቃ በኃይል ከፈላ በኋላ፣ ለተጨማሪ 20 ደቂቃ ያህል አንተክትኩት። ከዚያ ድስቱን እንደተከደነ አውርዳችሁ በብርድ ልብስና በጆንያ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በያዘው ሙቀት ለሰዓታት መብሰሉን ይቀጥላል። ስትፈቱት እንደገና አፍሉት፤ ለብ ብሎ የቆየ ምግብ ሆድ ያውካልና። የማይልም አሮጌ ቦሎቄ ካጋጠማችሁም ወደ እሳቱ መልሱት።

ሲቀርብ ሎሚ ጠብ ማድረግ ጣዕሙን ያነቃዋል፤ በቦሎቄው ያለውም ብረት በደም ውስጥ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ይህም ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይበልጥ ይጠቅማል። ቡናውንና ሻዩን ግን፣ ከባድ ቢሆንም፣ ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ያንኑ ብረት ያግዳሉና።

ብቻቸውን ለሚኖሩ ወንድሞችም አንድ ቃል አለን። ለአንድ ሰው እሳት ማንደድ ብክነት ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ብታዋጡ ሽንኩርቱም በርበሬውም ይበቃል፤ ምግቡም ከብቸኛ ድስት ይልቅ ከጋራ ትሪ ላይ ይጣፍጣል።

መልካም ማዕድ ይሁንላችሁ።