ለመተማ ቆላ የሚበጀው የሕግ ትምህርት የትኛው ነው?

በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የተመደበ ወጣት ባለሥልጣን ኹለትና ሦስት ዓመት እንዳገለገለ «ማስተርስ ልማር» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜም በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ልሠልጥን ወይስ አጠቃላዩን ልያዝ የሚለው ሐሳብ ይገጥመዋል። የገንዳ ውኃና የመተማ ዮሐንስ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከአዲስ አበባው ሰው መልስ ሊለይ ይችላል።

በቆላው የሚሠራ የሕግ ሰው ብዙ ዓይነት ሕግ ይገጥመዋልና። የሰሊጥ ነጋዴና የእርሻ ባለቤት በውል ቢካሰሱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የ2013ቱ የንግድ ሕግ ይገለጣሉ። ዕቃው ወደ ገላባት ሲሻገር ከተያዘ ጉምሩክ ይገባበታል። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ሲከለከል የሥራ ሕግ ይፈለጋል፤ ደላላ ወጣቶችን ወደ ሱዳን ሊያሻግር ሲያዝ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይጠቀሳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በዚሁ በር ለገባው ስደተኛ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አለ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን የወንጀል ሕግ ሰው ነበሩ። የንግዱን ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ዣን ኤስካራም የንግድ ሕግ ዐዋቂ ነበሩ። ሰውን ከልደቱ እስከ ውርሱ የሚከተለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የተሰጠው ለፈረንሳዊው ለሬኔ ዳቪድ ነው፤ የእርሳቸውም ሙያ የዓለምን ሕጎች እያነጻጸሩ መመርመር ነበር። ሰፊው ሥራ ሰፊ ዐዋቂ ፈለገ ማለት ነው።

በብሪታንያና በአሜሪካ አጠቃላዩ ማስተርስ ተማሪው ኮርሱን ራሱ እየመረጠ የሚያቀላቅልበት ነው። በአገራችን ግን ልማዱ ወደ ቅርንጫፍ ያዘነብላል፤ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ፋኩልቲ ወራሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የንግድ ሕግን፣ የሰብአዊ መብትንና ዓለም አቀፍ ሕግን ለየብቻ አስተምሯል።

እኛ እንደሚመስለን፣ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ኾኖ በቆላው ለመቆየት የቆረጠ ሰው ስፋቱን ከችሎቱ ያገኘዋል፤ በየቀኑ የሚመጣው መዝገብ ራሱ መምህር ነውና። ከዩኒቨርሲቲ ይዞ መመለስ ያለበት በአካባቢው የማይገኘውን ነው። የድንበሩን ነገር እንመልከት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር ስለ ኾነ ስለ ድንበር የሚናገር አይጠፋም፤ ሰነዱን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተዋዋሉትን፣ በማግሥቱ ዓመት ሻለቃ ጉዊን ያሰመረውን፣ ኢትዮጵያና ሱዳን በ1964 ዓ.ም. የተለዋወጡትን ደብዳቤ አቆራኝቶ ለመተርጎም ዓለም አቀፍ ሕግን በጥልቀት መማር ያሻል። በየኮርሱ ጥቂት ጥቂት የቀመሰ ሰው እዚያ አይደርስም።

ነገ ወደ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚዛወር የማያውቅ የአስተዳደር ሰው ግን አጠቃላዩን ቢይዝ አንነቅፈውም። እንዲያ ሲኾን ከዲግሪው ስም ይልቅ የወሰዳቸው ኮርሶች ይመረመራሉና በዘፈቀደ አይምረጥ። የመመረቂያ ጽሑፉንም ርእስ ከቆላው ይውሰድ፤ የሰሊጥ ብድር ውል ወይም የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ቢኾን፣ ማስረጃው እዚያው በመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አለለት።