ዋት ብቻውን ዳገት አይወጣም

ባሕር ዳር ላይ ያለ እንከን የሚሠራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደብረ ታቦር ሲደርስ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ችግሩ የጥራት ሳይሆን የማርሽ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ስትሆን፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወረታ የተነሳ ብስክሌተኛ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጉዳይ የገዢውም የነጋዴውም መነጋገሪያ ሆኗል። የብስክሌት ሻጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠራል፤ ዋትን። ዋት የሞተሩን ኃይል እንጂ ያንን ኃይል የሚሰጠው በምን ፍጥነት ሲሽከረከር እንደሆነ አይናገርም።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ነጂው፣ ብስክሌቱና 30 ኪሎ ጭነት በድምሩ 120 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 300 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ነጂው በእግሩ 80 ዋት ቢያግዝ ቀሪው 220 የሞተሩ ድርሻ ነው። «250 ዋት» ተብሎ የተሸጠ ሞተር በወረቀት ላይ ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን ጎማው መሐል በቀጥታ የተገጠመና ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የተጠቀለለ ሞተር ፍጥነቱ ወደ 10 ሲወርድ ከባትሪው ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከግማሽ የሚበልጠውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዳገቱ ከረዘመ ጥቅሉ ያራል።

ፔዳሉ ጋ የሚገጠመው ሞተር ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ጉልበቱን በካቴናው በኩል ስለሚያስተላልፍ፣ ነጂው ማርሽ ሲቀንስ ጎማው ቢዘገይም ሞተሩ በሚስማማው ፍጥነት መሽከርከሩን ይቀጥላል። ከወረታ ጭነት ለሚያወጣ ሰው ሌላ አማራጭ ማፈላለግ ድካም ነው። ዕዳው የሚያርፈው በካቴናውና በኋላ ጥርሶች ላይ ነው፤ የሰውና የሞተር ጉልበት አንድ ላይ ስለሚጎትታቸው ቶሎ ያልቃሉ፣ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው።

ለከተማ ውስጥ ሥራ መሐለኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ውስጡ ጥርስ ያለው የጎማ ሞተር ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ አራት አምስት ጊዜ ይዞራል፤ ካቴና ቢበጠስ እንኳ ባለቤቱን ቤቱ ያደርሳል። በ26 ኢንች ፋንታ በ20 ኢንች ጎማ ላይ ሲገጠም ማርሽ የተቀነሰ ያህል ይሆናል፤ ለዚያው ዳገት የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል ከ35 ኒውተን ሜትር ወደ 27 ዝቅ ይላል። ትንሽ ጎማ በኮረኮንች ላይ ማንገጫገጩን ግን መቻል ነው።

ባትሪውም ሌላ ወጪ ነው። ባለ 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ 360 ዋት ሰዓት ይይዛል። 120 ኪሎውን 900 ሜትር ከፍ ማድረግ ብቻ 300 ገደማ ይፈጃል፤ የመንገዱ፣ የነፋሱና የሞተሩ ብክነት ሲታከል፣ ነጂው ፔዳል ካልመታ፣ ከ600 ያልፋል። ስለዚህ ባለ 48 ቮልት 15 አምፔር ሰዓቱ ደብረ ታቦር ያደርሳል፤ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው።

አንድ መልካም ነገር አለ። የነዳጅ ሞተር አየሩ ሲሳሳ ይደክማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ከፍታ አቅሙን አይቀንሰውም።

ገዢ ከመክፈሉ በፊት ብስክሌቱን ጭኖ አንድ ረዥም ዳገት ቢያስሞክር፣ ከዚያም የሞተሩን ሽፋን በጥንቃቄ በመዳፉ ቢነካ ይበጀዋል። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ውስጡ ከዚያ የባሰ ግሏል።